የፖከር ውድድር ሲመጣ የዘወትር ተጫዋቾች ጠረጴዛ ምን ይሆናል?

በየዓመቱ ከግንቦት ወር መገባደጃ እስከ ሐምሌ ወር መጀመሪያ በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት የምትገኘው ላስ ቬጋስ ከመላው ዓለም በሚመጡ የፖከር ተጫዋቾች ትጥለቀለቃለች። የዓለም የፖከር ውድድር እየተባለ የሚጠራው ታላቅ ዝግጅት የሚካሄደው በዚህ ወቅት ነው። ካሜራዎች የሚያነጣጥሩት በአሸናፊው ፊት በተከመረው ዶላር ላይ ነው። ከውድድሩ አዳራሽ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰቡ፣ ስማቸው በቴሌቪዥን የማይጠራ ተጫዋቾች አሉ። ከእነርሱ መካከል የቤት ኪራያቸውን ከዚሁ ጠረጴዛ የሚከፍሉ ይገኙበታል፤ ከጡረታ ገቢያቸው ቀንሰው ለጊዜ ማሳለፊያ የሚጫወቱም አይጠፉም።

ለእነዚህ ሰዎች የውድድሩ ወቅት ሲሳይ ነው ወይስ መዓት? ጎርፍ ለመስኖ ገበሬ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው መልሱን ለመገመት አይቸገርም። ውኃው ብዙ ነው፤ ቦዩን አስቀድሞ ላዘጋጀ ማሳውን ያጠጣለታል። ይሁን እንጂ ጎርፉ ለም አፈሩን ጠርጎ የሚሄድበት ጊዜም አለ። ለዘወትር ተጫዋቹ ዋናው ጥያቄ ምን ያህል ገንዘብ ወደ ከተማዋ ገባ የሚለው ብቻ አይደለም። ገንዘቡ በማን እጅ ገባ፣ ውድድሩ ሲያበቃስ በማን እጅ ወጣ የሚለው ነው።

ሁለቱ ጨዋታዎች በምን ይለያያሉ?

በካዚኖ ውስጥ ፖከር በሁለት መንገድ ይካሄዳል። የመጀመሪያው የጥሬ ገንዘብ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ገንዘቡን በቺፕስ ለውጦ ይቀመጣል፤ በፊቱ ያለው የ5 ዶላር ቺፕስ ዋጋው 5 ዶላር ነው። በፈለገው ሰዓት ተነሥቶ የቀረውን ወደ ጥሬ ገንዘብ መልሶ መሄድ ይችላል። ካርታ ከመታደሉ በፊት በተራ የሚያስይዘው የግዴታ መደብም ሌሊቱን ሙሉ አይለወጥም።

ሁለተኛው ውድድር ነው። ሁሉም ተወዳዳሪ እኩል የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፣ እኩል ቺፕስም ይቀበላል። እነዚህ ቺፕሶች ግን ወደ ገንዘብ አይመነዘሩም፤ ነጥብ ናቸው። የግዴታው መደብ በየተወሰነ ጊዜ እያደገ ስለሚሄድ ዝም ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ቺፕሱን የጨረሰ ይወጣል፤ ሁሉንም የሰበሰበው ያሸንፋል። ሽልማቱ የሚከፋፈለውም ብዙውን ጊዜ ከመቶ ተወዳዳሪ ለ15ቱ ገደማ ነው።

በሁለቱም መንገድ ካዚኖው ራሱ አይጫወትም፤ ተጫዋቾች እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ ቤቱ ድርሻውን ይወስዳል። አንዱ ያገኘው ሌላው ያጣውን ነው፤ ከዚያም ላይ የቤቱ ኮሚሽን ይቀነሳል። በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ኮሚሽኑ ከየዙሩ ይቆረጣል። ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። በሰዓት 30 ዙር በሚካሄድበት፣ ከየዙሩም በአማካይ 4 ዶላር በሚቆረጥበት ጠረጴዛ በአንድ ሰዓት 120 ዶላር ይወጣል። ይህ ለዘጠኝ ተጫዋቾች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 13 ዶላር ይደርሰዋል። በሳምንት 40 ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ከ500 ዶላር በላይ ለቤቱ ይገብራል ማለት ነው።

የዘወትር ተጫዋቹን ኑሮ ለመረዳት ይህ ቁጥር ቁልፍ ነው። ዘጠኝ የለመዱ ተጫዋቾች ሌላ ሰው ሳይገባባቸው እርስ በርስ ቢጫወቱ ገንዘባቸው ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ ሣጥን ይገባል እንጂ አንዳቸውም በዘላቂነት አያተርፉም። ጠረጴዛው እንደ ኩሬ ነው፤ ከውጭ ውኃ ካልገባበት ይደርቃል። ያ ውኃ ደግሞ ለመዝናናት የሚመጣው እንግዳ ተጫዋች ነው። ውድድር ከሌላው ጊዜ ሁሉ በላይ እንግዳ የሚያመጣ በመሆኑ የዘወትር ተጫዋቾች ወቅቱን በጉጉት መጠበቃቸው አያስገርምም።

ከጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ የተወለደ ውድድር

ዛሬ የሁለቱ ጨዋታዎች ዓለም የተለያየ ቢመስልም ውድድሩ የተወለደው ከጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የሆርስሹ ካዚኖ ባለቤት ቤኒ ቢኒየን በዘመኑ ዝነኛ የነበሩ ተጫዋቾችን ሰብስቦ በጥሬ ገንዘብ አጫወታቸው። በመጨረሻም ተጫዋቾቹ ድምፅ ሰጥተው ጆኒ ሞስን የዓለም ሻምፒዮን ብለው ሰየሙ። በድምፅ የተገኘ አሸናፊ ግን ለተመልካች ልብ አይሰቅልም። በቀጣዩ ዓመት ተወዳዳሪዎች ቺፕሳቸውን እስኪጨርሱ የሚፋለሙበት ሥርዓት ተተካ፤ አሸናፊው እንደገና ሞስ ሆነ። ከ1972 ጀምሮ የዋናው ውድድር መግቢያ 10 ሺህ ዶላር ነው፤ ይህ ዋጋ እስከ ቅርብ ዓመታት አልተለወጠም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2003 ነበር። ከቴነሲ ግዛት የመጣ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ባለሙያ በኢንተርኔት በተደረገ አነስተኛ ማጣሪያ አልፎ፣ 839 ሰዎች በተሳተፉበት ዋናው ውድድር አሸንፎ 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በቴሌቪዥን የተመለከተው ሁሉ «እኔስ ምን ይጎድለኛል?» አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተሳታፊው ቁጥር 8 ሺህ 773 ደረሰ።

ይህ ማዕበል የጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛውን ጨዋታ ራሱን ለወጠው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ካዚኖዎች በስፋት ይካሄድ የነበረው በአንድ ጊዜ የሚያዘው ገንዘብ የተወሰነበት፣ ገደብ ያለው ጨዋታ ነበር። በቴሌቪዥን የታየው ግን ተጫዋቹ ያለውን ሁሉ በአንድ ዙር ማስያዝ የሚችልበት፣ ገደብ የሌለው ጨዋታ ነው። አዲስ መጤውም የጠየቀው ያየውን ነው። በገደብ ጨዋታ ለዓመታት የተካኑ የዘወትር ተጫዋቾች ጠረጴዛቸው አንድ በአንድ ሲታጠፍ ተመለከቱ። ገደብ በሌለው ጨዋታ ደግሞ ጀማሪው ገንዘቡን የሚጨርሰው በአንድ ሌሊት ሳይሆን በአንድ ዙር ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ካዚኖዎች አንድ ሰው ወደ ጠረጴዛው ይዞ የሚቀመጠውን ገንዘብ መጠን ወሰኑ። ውሳኔው እንግዳው ቶሎ ተሟጥጦ እንዳይሸሽ የሚጠብቅ ነው፤ ውኃ ቆጣቢ መስኖ እንደ ማለት ነው።

ጎርፉ ሲመጣ

የውድድር ወቅት ለዘወትር ተጫዋቹ የሚሰጠው ጥቅም በግልጽ የሚታይ ነው። በአዘቦት ቀን ሁለት ወይም ሦስት ጠረጴዛ ብቻ የሚከፈትበት አዳራሽ በወቅቱ ሌሊትና ቀን ይሞላል። በሌላ ጊዜ ተጫዋች የማይገኝላቸው ከፍተኛ መደብ የሚያዝባቸው ጠረጴዛዎችም ይከፈታሉ።

ከሁሉ የሚፈለገው እንግዳ ከውድድር በጊዜ የወደቀው ነው። የአውሮፕላን ትኬት ገዝቶ፣ ለሳምንት የሆቴል ኪራይ ከፍሎ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከውድድሩ ቢወጣ ቀሪዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው ወዴት ነው? ብዙዎች ወደ ጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ይሄዳሉ። ተናደው፣ እንቅልፍ አጥተው፣ የጠፋውን በአንድ ሌሊት ለመመለስ ቸኩለው ይቀመጣሉ። በውድድር የለመዱት ፈጥኖ ሁሉንም የማስያዝ ስልትም እዚህ ይጎዳቸዋል። በውድድር የግዴታው መደብ እያደገ ስለሚያሳድዳቸው መቸኮል አስፈላጊ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ግን የሚያስቸኩል ነገር የለም። ትዕግሥት ያለው የአካባቢው ሰው የሚያተርፈው በዚህ ልዩነት ነው።

ይሁን እንጂ ጎርፍ ይዞት የሚመጣው ውኃ ብቻ አይደለም። ከእንግዶቹ ጋር ከየአገሩ የተሰባሰቡ ብርቱ ባለሙያዎችም ይመጣሉ። እነርሱም ከውድድር ውድድር ባለው ክፍት ጊዜ ያንኑ እንግዳ ፍለጋ ወደ ጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። የዘወትር ተጫዋች ትልቁ ሀብት የጎረቤቶቹን ጠባይ ማወቁ ነው። ማን ሲፈራ ዝም እንደሚል፣ ማን ሲዋሽ እንደሚያወራ ዓመቱን ሙሉ አጥንቷል። በውድድር ወቅት ግን ፊቱ ሁሉ አዲስ ነው፤ ያ እውቀት ለጊዜው ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እንግዳና ስድስት ባለሙያ ቢቀመጡ፣ ጠረጴዛው ስለሞላ ብቻ ለዘወትር ተጫዋቹ ተመቸ ማለት አይቻልም።

ወንበርና ካርታ አዳይ ሲያንስ

ሁለተኛው ጉዳት የቦታና የሰው ኃይል እጥረት ነው። አንድ መካከለኛ ካዚኖ ለፖከር የመደበው ጠረጴዛ ውስን ነው። ዕለታዊ ውድድር በሚያካሂድበት ሰዓት ከእነዚሁ ጠረጴዛዎች ግማሽ ያህሉን ለተወዳዳሪዎች ሊሰጥ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ የቤቱን ኮሚሽን ሲከፍል የኖረው ሰው ያን ዕለት ስሙን በተራ ዝርዝር አስመዝግቦ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። ለእንግዳው ሁለት ሰዓት የእረፍት ጊዜ ነው፤ ከጠረጴዛው ለሚኖረው ሰው ግን የጠፋ የሥራ ሰዓት ነው።

ካርታ የሚያድለው ሠራተኛም ጉዳይ አለው። ትልልቆቹ ውድድሮች ለወቅቱ ብዙ ጊዜያዊ ካርታ አዳዮችን ይቀጥራሉ፤ የለመዱት ወደዚያ ሲሳቡ በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ጀማሪ ሠራተኛ ሊቀመጥ ይችላል። ጀማሪ ካርታ አዳይ በሰዓት የሚያስኬደው ዙር ያንሳል፤ ስሕተትና ክርክርም ይበዛል። የሠራተኛው አከፋፈልም ይለያያል። በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ አሸናፊው ከየዙሩ ጉርሻ ይሰጣል፤ በውድድር ግን ክፍያው ብዙውን ጊዜ በተሠራው ፈረቃ ይታሰባል፤ ከመግቢያ ክፍያውም ለሠራተኞች የሚቀነስ ድርሻ ይኖራል።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ወሬ የማይሆነው በዚህ በኩል ነው። ላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በታክሲ ሾፌርነት፣ በሆቴልና በካዚኖ ሥራ ተሰማርተው፣ ከሚያገኙት ላይ ቆጥበው ወደ አገር ቤት የሚልኩ ጥቂት አይደሉም። ፖከር ተጫውተው ባያውቁም እንኳ የወቅቱ መሙላትና መጉደል በፈረቃቸውና በጉርሻቸው ይታያል። በሰኔ ወር የመጣው ገቢ በነሐሴ እንደማይደገም የሚያውቅ ሠራተኛ በጀቱን እንደ ገበሬ ጎተራ ከፋፍሎ ይይዛል።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

ለዓይን የማይታየው፣ ዘላቂው ጉዳት ግን የገንዘቡ አቅጣጫ ነው። የ2024 ዋናው ውድድር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በዚያ ዓመት 10 ሺህ 112 የመግቢያ ክፍያዎች ተመዝግበው የተሳትፎ ክብረ ወሰን ተሰብሯል። እያንዳንዱ 10 ሺህ ዶላር ሲሆን በድምሩ ከ101 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። ከዚህ ውስጥ ለሽልማት የዋለው 94 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ለአዘጋጁና ለሠራተኞች ተቀንሷል። ሽልማት ያገኙት 1 ሺህ 517 ናቸው፤ የቀሩት ከ8 ሺህ 500 በላይ ተሳታፊዎች የመግቢያ ክፍያቸውን ሙሉ በሙሉ አጥተዋል። አንደኛው 10 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 6 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው 4 ሚሊዮን ዶላር ወስደዋል። ከጠቅላላው ሽልማት አንድ አምስተኛ የሚበልጠው በሦስት ሰዎች እጅ ገባ ማለት ነው።

ያው ገንዘብ በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ቢሆን ኖሮ ጉዞው ሌላ ነበር። ለመዝናናት የመጣ ሰው 1 ሺህ ዶላር ይዞ ቢቀመጥ፣ አንድ ምሽት 300 ያጣል፣ በማግስቱ 200 ያገኛል፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ይከስራል። ገንዘቡ በብዙ እጆች ላይ ቀስ እያለ ይዘዋወራል፤ የአካባቢው ተጫዋቾችም በየተራ ይደርሳቸዋል። በውድድር ግን የብዙዎች ገንዘብ ተጠራቅሞ ለጥቂቶች ይሰጣል። እነዚያ ጥቂቶች አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ከተማ ወይም የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፤ ሽልማታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አንደኛው ወንዝ ማሳውን እያካፈለ ያልፋል፤ ሌላው ሁሉንም በአንድ ገደል ይጨምረዋል።

ከዚህ የተነሣ ወቅቱ ራሱ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንግዳው ሙሉ ኪስ ይዞ ይመጣል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ብዙዎች በተደጋጋሚ የመግቢያ ክፍያ ኪሳቸው ይሟጠጥና ቀድመው ይመለሳሉ። ዋናው ውድድር ሲጀመር አዲስ ሰው ይጎርፋል፤ እርሱም ሲያበቃ ከተማዋ ጭር ትላለች።

የቤቱ ስሌት

ታዲያ ካዚኖዎች ዓመቱን ሙሉ ኮሚሽን የሚከፍሏቸውን ደንበኞች ስለምን ያስቀይማሉ? መልሱ ፖከር ለካዚኖ ትልቅ ገቢ አለመሆኑ ነው። የካዚኖ ዋና ሀብት የቁማር ማሽንና ተጫዋቹ ከቤቱ ጋር የሚፋለምባቸው ጨዋታዎች ናቸው። አንድ የፖከር ጠረጴዛ ከያዘው ቦታ አንጻር የሚያስገባው ትንሽ ነው፤ ባለፉት ዓመታት በላስ ቬጋስ በርካታ የፖከር አዳራሾች የተዘጉትም ስለዚህ ነው። ውድድር ግን የሆቴል ክፍል ይሞላል፣ ምግብ ቤት ያሰልፋል፣ ከተወዳዳሪው ጋር የመጣውን ቤተሰብ ወደ ማሽኑ ይስባል። ቤቱ ውድድሩን የሚመዝነው በጠረጴዛው ኮሚሽን ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ሆቴል ገቢ ነው። በአንጻሩ ውድድሩ ለአዳራሹ ስም ያተርፍለታል፤ ያለ እርሱ ጨርሶ ሊዘጋ የሚችል አዳራሽ ዓመቱን እንዲሻገር የሚረዳበትም ጊዜ አለ። ይህ የዘወትር ተጫዋቹም ጥቅም ነው።

በአንዳንድ አዳራሾች የጥሬ ገንዘብ ተጫዋቾች ሳያስተውሉት የውድድር ወጪ ይሸፍናሉ። ከየዙሩ ከኮሚሽኑ ሌላ 1 ወይም 2 ዶላር ለማበረታቻ ሽልማት ይቆረጣል። ገንዘቡ ለተጫዋቾች የሚመለስ ቢሆንም፣ ተመላሹ ረጅም ሰዓት ለተቀመጡ ሰዎች በሚዘጋጅ ነፃ ውድድር መልክ ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ምሽት የሚመጣው ሰው ያዋጣል፤ አዘውትሮ የሚቀመጠው ይወዳደርበታል። በዚህ ረገድ የሚጠቀመው የዘወትር ተጫዋቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ከኪሱ የወጣውን ለማስመለስ የማይፈልገውን ያህል ሰዓት እንዲቀመጥ ይገፋፋዋል።

ከበሮ በሰው እጅ

የመጨረሻው አደጋ ከዘወትር ተጫዋቹ ልብ የሚነሣ ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንዲሉ፣ የጎረቤቱን ሽልማት ያየ ሰው እርሱም ለውድድር ይሰለፋል። ስሌቱ ግን ይከብዳል። መግቢያቸው 1 ሺህ ዶላር የሆነ 20 ውድድሮች ላይ የተሳተፈ ሰው 20 ሺህ ዶላር ያወጣል። ከመቶ 15ቱ ብቻ በሚሸለሙበት ሥርዓት በአማካይ ሦስት ጊዜ ይሸለማል ብንል፣ ሦስቱም የመግቢያውን እጥፍ የሚያህሉ ዝቅተኛ ሽልማቶች ቢሆኑ የሚመለስለት 6 ሺህ ዶላር ነው። 14 ሺህ ዶላሩ ሄደ ማለት ነው። ይህ የሚደርሰው ባልተካነ ሰው ላይ ብቻ አይደለም፤ በውድድር ጎበዝ የሚባለውም ወራት ያለ ትልቅ ሽልማት ሊያሳልፍ ይችላል።

የጥሬ ገንዘብ ተጫዋች ያ 14 ሺህ ዶላር የሥራ መነሻው ነው። ለገበሬ የዘር እህል እንደ ማለት ነው። የዘር እህሉን የበላ ገበሬ በክረምት የሚዘራው ያጣል፤ መነሻውን ያጣ ተጫዋችም በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ የሚያገኘው ወንበር በብድር የተገዛ ይሆናል። ሌላም ቀዳዳ አለ። ተወዳዳሪዎች የሽልማታቸውን ድርሻ አስቀድመው ለጓደኞቻቸው ይሸጣሉ። እግሩን ወደ ውድድር አዳራሽ ያላነሣ የዘወትር ተጫዋች እንኳ በየጓደኛው ውድድር ድርሻ እየገዛ ወቅቱን በኪሳራ ሊጨርስ ይችላል።

ጥንቁቆቹ የሚያደርጉት ቀላል ነው። ለውድድር የመደቡትን ገንዘብ ከዕለት ሥራቸው መነሻ ይለያሉ፤ ያ ገንዘብ ሲያልቅ ውድድሩም አለቀ ይላሉ። ብዙ ሰዓት የሚቀመጡት እንግዳው በሚበዛባቸው የምሽትና የእኩለ ሌሊት ሰዓቶች ነው። ጠረጴዛው በባለሙያዎች ሲሞላ ተነሥተው ይሄዳሉ። በሰኔ ያገኙትን በሰኔ አይጨርሱትም።

በሐምሌ አጋማሽ የውድድሩ ጠረጴዛዎች ተጣጥፈው በጭነት መኪና ይወጣሉ። ጊዜያዊ ሠራተኞች ይሰናበታሉ። በትንሹ አዳራሽ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ይቀራል፤ ዙሪያውንም የተቀመጡት ዓመቱን ሙሉ የሚተዋወቁት ፊቶች ናቸው። የወቅቱ ትርፍና ኪሳራ በትክክል የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። አዲስ ሰው ሳይመጣ ሳምንታት ያልፋሉ፤ የቤቱ ኮሚሽን ግን ከየዙሩ መቆረጡን አያቆምም። እስከሚቀጥለው ግንቦት የሚያደርስ ስንቅ የያዘው ወንበሩ ላይ ይቆያል፤ ያልያዘው ወንበሩን ለሌላ ይለቃል።